የትኛው ነቀርሳ?

ይህን የምጽፈው አፍንጫው ተዘግቶ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ "ሳይነስ ነው፣ ያልፋል" እየተባለ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚንከራተት ሰው ነው። ለአስታማሚውም ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ለእሱ። በሽታው ያሰቃየኝን ያህል የሚወዱኝ ሰዎች ዝምታ አሰቃይቶኛል። እነሱም ከእኔ የባሰ ተሰቃይተዋል፣ ያውም በሌለ ነገር።

ስሜ ሰዓዳ ነው። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ካዛንቺስ የገባሁት በትዳር ነው። ባለቤቴ አብዱ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ልጆች አሉን።

ሕመሙ የጀመረው ካዛንቺስ በሚፈርስበት ሰሞን ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ወደ ቂርቆስ ወርደን ቤት ተከራየን፤ የምሰፋበት ሱቅ ግን ከፍርስራሹ ማዶ ስለነበር ውሎዬ አቧራ ውስጥ ሆነ። ሰው ሁሉ ያስል ነበር። ባለሱቁ ያስላል፣ የታክሲው ረዳት ያስላል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ያስላል። ስለዚህ አፍንጫዬ ሲዘጋና ጠዋት ጠዋት ደም የቀላቀለ ቅርፊት ሲወጣኝ ማንም አልደነገጠም፣ እኔም ጭምር። ፋርማሲ ገብቼ "ሳይነስ አለብኝ" አልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ የሌለበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠብታ ሰጡኝ።

ጠብታው አለቀ፣ አፍንጫዬ እንደተዘጋ ቀረ። ቀጥሎ አንድ ጆሮዬ ውሃ እንደገባበት ሆኖ ደነቆረ። ዓይኔ ቀላ። ዛሬ ጉልበቴን፣ ነገ የእጅ አንጓዬን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቴን ያመኝ ጀመር። ትኩሳት ሲጨመርበት ኡራኤል አካባቢ ያለ ክሊኒክ ሄድኩና ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ። እነዚህ ሁለቱ መንትያ ናቸው መሰለኝ፣ አንዱ ያለ ሌላው ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። መርፌውን ወጋግተው ሲጨርሱ ትኩሳቱ ገና መጀመሩ ነበር። ሌላ ቦታ አስም ነው ብለው የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ "ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንሺ" አሉኝ። ሥጋ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!

በማንም አልፈርድም። አፍንጫዬን ያየው ጉልበቴን አልጠየቀኝም፤ ጉልበቴን ያየው አፍንጫዬን አልጠየቀኝም። እኔም ለአንዱ የሌላውን አልነገርኩም፤ የጉልበት ሐኪም ፊት ስለ አፍንጫ ማውራት እንደ ነውር ቆጥሬው። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አታፍሩ፣ ሁሉንም ንገሯቸው። የማይገናኝ የሚመስለው ነገር የአንድ በሽታ እጅና እግር ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ነጭ መጋረጃ እየሰፋሁ ሳልኩ። ጨርቁ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ጠብታ አረፈች። ደንበኛዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። "መርፌ ወጋኝ" አልኳት። "ውይ፣ ቀስ በይ እንጂ" አለችኝ። ያን ጠርዝ ቆርጬ ጥዬ በሌላ ቀጠልኩላትና ሰጥቼ ሸኘኋት። ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገዱ አልገፋ አለኝ። ታክሲ መያዣው ጋ እስክደርስ እየቆምኩ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ለአብዱ የነገርኩት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ሳንባዬ ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳየኝ፤ አንደኛው መሀሉ ተቦርቡሯል። "ቲቢ ይመስላል፣ በመድኃኒት የሚድን ነው፣ አትፍሪ" አለኝ። አክታዬ ውስጥ ተሕዋሲው ባይገኝም ምልክቱ ስለሚመስል ሕክምናው ቢጀመር ይሻላል አለ። ከዚያ ነርሷ በሩን ከፍታ "የሰዓዳ አስታማሚ" ብላ ተጣራች። አብዱ ገባ፣ እኔ ወጣሁ።

አገራችን እንዲህ ነው። ለታማሚው አንድ ነገር ይነገራል፣ ለአስታማሚው ሌላ። ክፉ ወሬ ከሆነ ታማሚው እንዳይደነግጥ ይሸፈንለታል፣ አስታማሚው ይሸከመዋል። ሁሉም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ለታማሚ የተነገረ ደግ ወሬ የሚያምን የለም። አብዱ ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "ምን አለህ?" አልኩት።

"አይ፣ ያው... ላንቺ የነገረሽን ነው። በቃ መድኃኒትሽን በደንብ ዋጪ።"

ድምፁ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ቲቢ አስፈርቶት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ የማላውቀው ደግነት ገባ። አብዱ ጨቅጫቃ ሰው ነው፤ ይህን ሲያነብም እንደሚጨቃጨቀኝ አውቃለሁ። ሻዩ ስኳር በዛው፣ መብራቱ ለምን አልጠፋም፣ የስፌት ክር ወጥ ውስጥ ገባ፣ የማይለው ነገር የለም። ያ ሰው ባንዴ ጭጭ አለ። ሳስል ውሃ ይዞ ይሮጣል። "ምን አማረሽ?" ይለኛል። ይህ ጥያቄ ለእርጉዝ ነው፣ ወይ ለሚሰናበት ሰው። "አላረገዝኩ፣ አልሞትኩ፣ ምን ሆነሃል?" ብለው ተነሥቶ ወጣ። እየቆየ ስለሚመጣው ዓመት ማውራት ተወ። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳነሣ፣ "እሱ ይደርሳል" ብሎ ወሬ ይለውጣል።

ሳልጠራትም እናቴ ከኮምቦልቻ መጣች፤ መቼ እንደምትመለስም አልተናገረችም። እኔ በሽታው እንዳይተላለፍባቸው ኩባያዬን፣ ማንኪያዬን፣ ፎጣዬን ለይቼ ነበር። መስኮት አስከፍታለሁ፣ ልጆቼን አላስጠጋም። እናቴ ግን ዓይኔ እያየ የተረፈኝን ሻይ በእኔ ኩባያ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

"እማዬ፣ ይተላለፋል እኮ!"

"ከልጄ የሚተላለፍብኝ ካለ ይተላለፍ። አብሽሪ።"

ሞትን የናቀች እናት አለችኝ ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። እሷ ግን እንደማይተላለፍ እርግጠኛ ነበረች። ለምን እርግጠኛ እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው።

መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ እየሄድኩ በሥርዓቱ ዋጥኩ። ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ፣ እንደሚሆንም አስቀድመው ነግረውኛል። ሳሉ ግን ባሰበት። ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ትንፋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስጨርስ አለኝ። ማታ ማታ እንቅልፍ ከሸሸኝ በኋላ የሦስቱንም ትንፋሽ አዳምጣለሁ፤ የአብዱን፣ የእናቴን፣ የራሴን። ሁላችንም ነቅተናል፣ ሁላችንም የተኛን እንመስላለን። በመጨረሻ የጤና ጣቢያው ሰዎች ነገሩ አላምር ብሏቸው ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ ወደ ሳንባ ሐኪም ላኩኝ።

የዚያን ሆስፒታል መጠበቂያ አግዳሚ አልረሳውም። ጠዋት ገብተን ቀትር ድረስ ተራችን አልደረሰም። አብዱ ካርድ ለማውጣት ሌላ ሰልፍ ላይ ነበር፣ እናቴ መስገጃ ፍለጋ ሄዳለች። አጠገቤ ባሏን ልታሳክም ከቡታጅራ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። ጎንበስ ቀና ስል አየችኝና፣ "ነይ እዚህ ትከሻዬ ላይ ተደገፊ፣ ተራሽ ሲደርስ እቀሰቅስሻለሁ" አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተደግፌ ተኛሁ። በዚያ ሰሞን ከተኛሁት ሁሉ የሚጣፍጠው እንቅልፍ እሱ ነበር። አላህ ውለታዋን ይክፈላት፤ ባሏም ድኖ እንደሆነ እመኛለሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ አትቸኩልም። "ከፀጉርሽ እስከ ጥፍርሽ ንገሪኝ" አለችኝ። አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን፣ ዓይኔን፣ ጉልበቴን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስናገር እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች። የደረት ሲቲ ስካን ተነሣሁ፣ ደምና ሽንት ሰጠሁ። ሽንቴ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ተገኘ፤ ኩላሊቴም መነካት ጀምሯል ማለት ነው። ውጤቶቹ ተሟልተው ስንመለስ ሦስታችንንም አስገባችን።

"ቲቢ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መሻል ነበረብሽ" አለች። "ፎቶ የሚያሳየን ጥላውን ነው። ከሳንባሽ ትንሽ ሥጋ ወስደን በማይክሮስኮፕ ማየት አለብን። ባዮፕሲ ይባላል።"

አብዱ ከወንበሩ ተነሣ። "አይሆንም ዶክተር። ብረት አይነካትም።"

ቀኑን ሙሉ ብረት ሲነካካ የሚውል ሰው ብረት ፈራ። ግራ ገባኝ።

"ለምን አቶ አብዱ?" አለችው።

ወደ እኔ እያየ፣ "እሷ ትንሽ ውጪ ብትጠብቀን..." አለ።

"አልወጣም" አልኩ። "ቲቢን ብረት ቢነካው ምን ይሆናል?"

እናቴ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች። ከዚያ አብዱ እንባው ቀደመው። "ቲቢ አይደለም ሰዓዳዬ። ያኔ ያ ሐኪም ለኔ ለብቻዬ ነግሮኛል። ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ ደግሞ ብረት ከነካው ይሰራጫል።"

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ዶክተር ሄለን ብዕሯን አስቀመጠች። "ቃል በቃል ምን አለዎት? የሳንባ ነቀርሳ ነው ያለዎት?"

"አዎ። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒት እንጀምርላታለን አለኝ።"

"አቶ አብዱ፣ የሳንባ ነቀርሳ ማለት እኮ ቲቢ ማለት ነው።"

ለእኔ በፈረንጅኛው፣ ለአብዱ በአማርኛው የተነገረው አንድ በሽታ ኖሯል። አብዱ ነቀርሳ ሲባል የሚያውቀው ካንሰርን ብቻ ነው። አብዱ "ቲቢ" የሚለውን ለታማሚ የሚነገር ማስተዛዘኛ አድርጎ ወሰደው፤ መድኃኒቱንም እንዲሁ ለማጽናኛ የተሰጠ መሰለው። እናቴን ጠርቶ ነገራት። እኔ ኩባያዬን ስለይ እነሱ በቁሜ ሲያለቅሱልኝ ከርመዋል።

እናቴ ግን በቀላሉ የምትሸነፍ አይደለችም። "ቆይ፣ የጡት ነቀርሳስ?" አለች።

"እሱ ካንሰር ነው እማማ።"

"የማሕፀን ነቀርሳስ?"

"እሱም ካንሰር ነው።"

"ታዲያ የሳንባው ብቻ ቲቢ የሚሆነው በማን ዳኝነት ነው?"

ዶክተር ሄለን ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ደም አመጣ። ዶክተር ሄለን ሶፍት አቀበለችኝ።

"ላታልላችሁ አልፈልግም" አለች ሐኪሟ ረጋ ብላ። "ያኔ የተባለው ቲቢ ነው። አሁን ግን ቲቢ ለመሆኑ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ካንሰርም እንዲህ ያለ ጥላ ይጥላል። ሌላ የምጠረጥረው በሽታም አለ፣ የደም ምርመራውም ወደዚያ ያደላል፤ የደም ምርመራው ግን አንዳንዴ ቲቢ ባለበት ሰውም እንዲሁ ይወጣል። የሦስቱ መድኃኒት ይለያያል። የአንዱ ሕክምና ሌላውን ያባብሳል። ብረት ስለነካው የሚሰራጭ ነገር የለም። ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲከፈት ተሰራጭቶ ይገኛል፣ ጥፋቱ ለብረቱ ይሰጣል።"

አብዱን ያሳመንኩት ግን እኔ ነኝ፣ ቤት ገብተን። ደንበኞቼ ስልክ ደውለው "ከሶፋዬ ጋር የሚሄድ ክሬም መጋረጃ" ይሉኛል። ፎቶም ይልካሉ። በፎቶ ክሬም የነበረው ሲመጣ ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ከሶፋው ቁራጭ ጨርቅ ካላመጡልኝ መቀስ አላነሣም። "ሐኪሟም ቁራጭ አምጪ ነው ያለችኝ" አልኩት። "ቁራጩን ሳታይ እንዴት ትቁረጥልኝ?" ብዙ ካሰበ በኋላ፣ "እሺ" አለ።

"አንድ ነገር ግን አለ" አልኩት። "ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ክፉም ቢሆን።"

ይሄኛው ከብረቱ የባሰ ከበደው። "እኔ እኮ ልሸከምልሽ ብዬ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። አብረን እንሸከመው።"

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞከሩ፤ ከአፍንጫዬ ውስጥ ቆንጥረው ወሰዱ። መልሱ "ብግነት አለ፣ የሞተ ሥጋ አለ፣ ከዚህ በላይ መናገር አይቻልም" የሚል ሆነ። ብግነት ማለት ሥጋ ያለ ቁስል ወይም በቁስል ሲያብጥና ሲቆጣ ነው። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዶክተር ሄለን ግን፣ "መልስ ጠፋ ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ የተሻለ ቁራጭ ያስፈልገናል" አለችኝ። ይህንንም ያዙልኝ፤ የመጀመሪያው ናሙና አልናገር ስላለ ብዙ ሰው ከዚያ ይመለሳል።

ስለዚህ የደረት ቀዶ ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶኝ፣ ጎኔ ላይ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከሳንባዬ ወሰደ። ስነቃ ጎኔ ላይ ቱቦ ተተክሏል፣ አፌ ደርቋል፣ ሳል ሲመጣ የጎድን አጥንቴ የሚከፈት ይመስለኛል። እናቴ ትራስ አጥፋ ጎኔ ላይ ደግፋ ትይዝልኝና አብራኝ ትስላለች፤ ሳሉን ልታግዘኝ። ከቁራጩ ገሚሱ ለቲቢ ምርመራ፣ ገሚሱ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሄደ። ፓቶሎጂስቷን አይቻት አላውቅም። ውጤቱ ዘገየ ብለን ስንጠይቅ፣ ሥጋውን በተለያየ ቀለም እየነከረች ደጋግማ እያየችው ነው ተባልን። የሆነች የማላውቃት ሴት አጎንብሳ እኔን እያየች ነው ብዬ ሳስብ ፍርሃቴ ረገብ ይላል።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ነርሷ በሩን ከፍታ አስታማሚዬን ጠራች። አብዱ ከልማዱ ብድግ አለ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋልኝ። ተያይዘን ገባን። እናቴ ከኋላችን ዚክር እያደረገች፣ የአላህን ስም እየደጋገመች ተከተለችን።

ዶክተር ሄለን እኔን እያየች ተናገረች። "ነቀርሳ አይደለም።"

"የትኛው?" አለች እናቴ።

"ሁለቱም እማማ።"

እናቴ ወለሉ ላይ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ወረደች። አብዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ደግሞ አላለቀስኩም፤ "ታዲያ ምንድን ነው?" አልኩ።

"የደም ሥር ብግነት ነው። ሰውነትሽን የሚጠብቀው ዘበኛ ባለቤቱን እየደበደበ ነው። ሳንባሽ፣ አፍንጫሽና ኩላሊትሽ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠቃል። በማይክሮስኮፕ ግድግዳቸው አብጦና ተበልቶ ታይቷል። የቲቢ ተሕዋሲም፣ የካንሰር ሕዋስም የለም። ከባድ በሽታ ነው፤ ዝም ቢባል ኩላሊትሽን ይወስደው ነበር። ግን መድኃኒት አለው።"

የቲቢው መድኃኒት ቆመ። ዘበኛውን የሚያስታግስ ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠኝ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ደግሞ በአፍ መዋጥ ጀመርኩ። አንዱ መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ አብዱ ከሥራ በኋላ ከለገሃር ጀምሮ ፋርማሲ በፋርማሲ ሲጠይቅ ያመሻል። ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን ድቡልቡል አደረገው፤ መስታወት ሳይ የማላውቃት ወፍራም ሴትዮ ታየኛለች። እናቴ ብቻ ደስ አላት። "አሁን ልጄ ሰው መሰለች" አለች። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ጉልበቴ ታዘዘኝ። ሽንቴ ጠራ። በሽታው ጨርሶ ሄዷል አይባልም፣ ተኝቷል ነው የሚባለው፤ እንዳይነቃ ክትትሌን አላቋርጥም፣ መድኃኒቴንም በራሴ ፈቃድ አልቀንስም። እናንተም አትቀንሱ።

መዳኔን ያበሰረኝ ግን ሐኪም አይደለም። አንድ ጠዋት አብዱ ከሳህኑ ውስጥ ክር መዝዞ አወጣና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መጋረጃ ልታበዪን ነው?" አለ። ተጨቃጨቅን፣ ያውም ረጅም። ልጆቹ ተሳስቀው ወጡ።

በዚያው ሳምንት እናቴ "ልሂድ" አለች። ማሽላው ደርሶ ይሆናል፣ ጎረቤቶቿም ናፍቀዋታል። ልብሷን ሳስተካክልላት ሻንጣዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ እጄ ገባ። ጨርቅ ሥራዬ ነው፤ ለምን እንደተቆረጠ ሳልዘረጋው ገባኝ። ከፈን ነበር፣ የሬሳ መግነዣ። ሐጅ የሄደች ጎረቤቷ በመካው የዘምዘም ውሃ አጥባ ያመጣችላት፣ ለራሷ ቀን ስትጠብቀው የኖረችው።

"እማዬ፣ ይሄን ለምን አመጣሽው?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን አየች። ለማን እንዳመጣችው ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀስ ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ።

"አምጪው" አለችኝ። "የኔ ነው። ተራው የኔ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትቀድሚኝ።"